ኢ-ሪደሩ፣ ፒዲኤፉ እና የእማዬ ዳዊት

ከሁለት ዓመት በፊት እህቴ ከዋሽንግተን ለእረፍት ስትመጣ ያገለገለ ኢ-ሪደር፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ፣ ይዛልኝ መጣች። እኛ ጋ ሁሉም «ኪንድል» ነው የሚባለው፤ የኔ ግን የሌላ ኩባንያ ነው። 6 ኢንች ነው፣ በአንድ እጅ ይያዛል።

የፈለግኩት በስልክ ማንበብ ስላቃተኝ ነው። ሦስት ገጽ ሳልገፋ ቴሌግራም ይጮሃል። መልእክቱን አይቼ ልመለስ ስል ግማሽ ሰዓት ሄዷል። የወረቀት መጽሐፉ ደግሞ ማታ መብራት ሲጠፋ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ያድራል።

የመጀመሪያው ማታ ለዓመታት ያጠራቀምኳቸውን የአማርኛ ፒዲኤፎች በሙሉ ጫንኩበት። አንዱን ከፈትኩ። ስካን ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ማለት ነው። ትልቁ ገጽ ትንሿ ስክሪን ላይ ተጨምቆ ፊደሉ ጉንዳን አክሏል። ሳሰፋው መስመሩ ከስክሪኑ ወጣ። ግራውን አንብቤ ወደ ቀኝ እጎትታለሁ፣ ለሚቀጥለው መስመር እንደገና ወደ ግራ። ስክሪኑ እንደ ስልክ ፈጣን አይደለም፤ በጎተትኩት ቁጥር ብልጭ ብሎ ይዘገያል። አራት ገጽ ላይ ተውኩት። ያን ማታ እህቴን በከንቱ አስቸገርኳት ብዬ ነው የተኛሁት።

በማግስቱ ፎቶ ያልሆነ፣ እውነተኛ ጽሑፍ ያለበት፣ ፊደሉ ሲያድግ መስመሩ ከስክሪኑ ጋር የሚስተካከል ኢፐብ የሚባል የመጽሐፍ ፋይል አገኘሁ። ስከፍተው በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ተደርድሯል። አራት ነጥቧ እንኳን ሳጥን ሆናለች። መሣሪያው የግዕዝ ፊደል ፎንት አልነበረውም። መፍትሔው ግን ቀላል ነበር። «ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ» እና «አቢሲኒካ» የሚባሉት ፎንቶች በነጻ ይገኛሉ። በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት፣ «ፎንትስ» የሚል ፎልደር ከፍቼ ሁለቱንም ገለበጥኩ። መጽሐፉን እንደገና ከፍቼ ከፎንቶቹ ዝርዝር አቢሲኒካን መረጥኩ። ሳጥኑ ሁሉ ፊደል ሆነ። ቁልጭ ያለ፣ እንደታተመ።

ፒዲኤፎቹን ራሴ ወደ ኢፐብ ልቀይር ብዬም ብዙ ደክሜያለሁ። ስካኖቹ እምቢ አሉ። ስካን ያልሆኑት አንዳንዶቹ ደግሞ ጽሑፋቸው ሲገለበጥ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ብዙ መጽሐፍ የተተየበው እያንዳንዱ በራሱ መንገድ በሚሠራ የድሮ ሶፍትዌር ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ለኮምፒውተሩ አማርኛ አይደለም። ስለዚህ «ኢ-ሪደር ልግዛ?» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ልታነብበት ነው? ፋይሉስ ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ነው። ያለህ ስካን ብቻ ከሆነ ታብሌት ይሻልሃል።

ለእንግሊዝኛ መጽሐፍ ግን ወደር አላገኘሁለትም። ያልገባኝን ቃል ጣቴን ጫን ሳደርግበት ትርጉሙ ብቅ ይላል። ድሮ መዝገበ ቃላት መግለጥ ሰልችቶኝ እዘላቸው የነበሩትን ቃላት ዛሬ አልዘልም። ስክሪኑ ኃይል የሚፈጀው በዋናነት ገጽ ሲገለጥ ስለሆነ አንዴ ቻርጅ ካደረግኩት ሳምንታት ይቆየኛል። ብርሃኑም ወደ ገጹ ነው የሚፈሰው፣ እንደ ስልክ ዓይን ላይ አይተኩስም። ሰፈሩ ጨልሞ ጎረቤት ሻማ ሲፈልግ እኔ እያነበብኩ ነው።

አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ አሁንም በወረቀት እገዛለሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ የሚያዞሩት ልጆች ያውቁኛል፣ «ወንድሜ፣ ይሄን አላየኸውም» ብለው ከእቅፋቸው መዝዘው ይሰጡኛል። ያጠራቀምኳቸውን ስካኖች ብዙዎቹን አጥፍቻለሁ። ደራሲው ዓመታት ለፍቶበት፣ ለማተሚያ ቤት ተበድሮ ያወጣውን መጽሐፍ በነጻ ማዞር ሌብነት ነው፤ እኔም ውስጡ ነበርኩበት። አሳታሚዎች ኢፐቡን በተመጣጣኝ ዋጋ ቢሸጡልን ዛሬውኑ ከሚገዙት አንዱ ነኝ።

ከሁሉም በላይ መሣሪያው የጠቀመው ግን እኔን አይደለም። እማዬ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። ዳዊቷን በየቀኑ ትደግም ነበር፤ ኋላ ላይ በቃሏ የያዘችውን ብቻ እያለች መጽሐፉን በእጇ ይዛ መቀመጥ ጀመረች። የአማርኛውን መዝሙረ ዳዊት በኢፐብ አግኝቼ ጫንኩላት። ፊደሉን አሳደግኩት፣ አሳደግኩት፣ በአንድ መስመር ሦስት ቃል እስኪቀር። ተቀብላኝ ወደ መስኮቱ ዞረች። መጀመሪያ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ድምጿ ወጣ። አንድ መዝሙር ጨርሳ ቀና አለች።

«ልጄ፣ ይሄን እንዴት ነው የምሳለመው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን በራሷ መንገድ ፈታችው። ጠዋት ጠዋት በቆዳ የተለበጠውን አሮጌ ዳዊቷን ታወጣለች፣ ተሳልማ ጉልበቷ ላይ ታኖረዋለች። ከዚያ ኢ-ሪደሩን በላዩ ላይ አስደግፋ ታነባለች። ስትጨርስ ስክሪኑን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግና ለኔ ትሰጠኛለች፤ ዳዊቷን እንደገና ተሳልማ ወደ ቦታው ትመልሳለች።