አንድ ክንድ የቡና አበባ

ዛሬ ደብሮኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። መጋቢት ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል። ከሰዓት በኋላ የጅማ ሰማይ ይጠቁራል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራት ይጠፋል፣ እኔም መስኮቱ ሥር እኮራመታለሁ። ስልጠና ነበረኝ። ዝናቡን አሳብቤ ቀረሁ።

ስልጠናው የአበባ አሰካክ ነው። የጀመርኩት እጄ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስላልቻለ ነው። አስተማሪዬ የሠርግ ዲኮር ነው የምትሠራው። እጇ ፈጣን ነው፣ የምታውቀውንም አትደብቅም። አበባ የሚሰካበትን አረንጓዴ ስፖንጅ አንዷ ልጅ ባልዲ ውስጥ በሁለት እጇ ልትደፍቀው ስትል መታ አደረገቻት። «ተይው፣ ራሱ እየጠጣ ይስመጥ።» በእጅ ከተጫኑት አየር መሀሉ ላይ ይታፈናል። ከላይ ሲነኩት እርጥብ ነው፣ ውስጡ ግን ደረቅ ይቀራል። እዚያ ላይ የተሰካች ጽጌረዳ ሙሽሮቹ ሳይገቡ አንገቷን ትደፋለች። ስፖንጁ ፕላስቲክ ነው፣ አይበሰብስም። እንግሊዝ አገር ያለው ትልቁ የቼልሲ የአበባ ትርኢት በፈረንጆቹ ከ2021 ጀምሮ አግዶታል። ይህን ብነግራት «እነሱ ያግዱ፣ እኛ ቅዳሜ ሠርግ አለብን» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የምታስተምረን አሠራር አንድ ነው። ክብ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ በየትኛውም ጎን ቢያዩት አበባ ብቻ። ክፍተት ካየች «እዚህ ጋ ጨምሪ» ትላለች። ጽጌረዳው ከአዲስ አበባ ሌሊቱን በመኪና ነው የሚመጣው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ። ዝዋይና ሆለታ ከሚበቅለው ምርጥ ምርጡ በአውሮፕላን ሆላንድ ይገባል። እኛ ጋ የሚደርሰው ከአውቶብስ የወረደ መንገደኛ ይመስላል። ግንዱን ሰያፍ አድርገን እንቆርጣለን፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል እናራግፋለን፣ ጥላ ውስጥ በባልዲ እናቆየዋለን። የነቃ ከፊት ይሰካል። ያልነቃው መሀል ገብቶ በሌሎቹ ይሸፈናል።

ጣጣው የመጣው ከስልኬ ነው። ማታ ማታ የጃፓኖቹን አሰካክ ማየት ጀመርኩ። ሶፉ ቴሺጋሃራ የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1927 ሶጌትሱ የተባለ የራሱን ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ አበባን ማንም፣ የትም፣ ባገኘው ነገር ይሠራዋል ብሎ ተነሳ። ብረትና ደረቅ ግንድ ሳይቀር ይጠቀም ነበር። መነሻው ግን ሦስት መስመር ብቻ ነው። ረጅሙ ቀጥ ብሎ ከመቆም 15 ዲግሪ ያዘነብላል፣ ሁለተኛው 45፣ ሦስተኛው 75። የእህቴን ልጅ ፕሮትራክተር ተውሼ ለካሁ። ልጁ «አክስቴ ትምህርት ቤት ገባች» እያለ ለሰፈሩ አወራ። ከሦስቱ መስመር ውጭ ያለው ባዶ ነው። ባዶውም እንደ ሥራ ይቆጠራል።

ከዚያ ኮንስታንስ ስፕራይ መጣች። እንግሊዛዊት ናት። የሀብታም ግብዣ ላይ የጎመን ቅጠልና የመንገድ ዳር አረም ከአበባ ጋር እየሰካች ስም ያወጣች ሴት። ጎመን! ሞታ ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 2004፣ የለንደኑ የዲዛይን ሙዚየም ስለ ሥራዋ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። የሙዚየሙ ቦርድ ሰብሳቢ ጄምስ ዳይሰን ነበር፣ ያ ቫክዩም ክሊነር የሚሠራው። በዚህ ተናዶ ኃላፊነቱን ለቀቀ። አበባ ምኑ ነው ዲዛይን ማለቱ ነው። እኔ አንድ ሴትዮ በጎመን ሰውን ያን ያህል ማናደዷ ደስ አለኝ።

ይሄን ሁሉ እያየሁ የራሳችን ሰው ጆሞ ታሪኩ ላይ ደረስኩ። የቤት ዕቃ ዲዛይነር ነው፣ ኑሮው አሜሪካ። የኒያላን ቀንድ አይቶ ወንበር ሠራ። መቋሚያ አይቶም ሌላ ወንበር ሠራ። መቋሚያ እኮ ነው፣ ስንት ዘመን ስናየው የኖርነው! እኛ ደግሞ እዚህ ጅማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለእንግዳ ማስታወሻ እየሸጥን፣ ራሳችን ፕላስቲክ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። እኔም ደጄ ላይ እንሰት ተዘርግቶ ሌሊት የተጓዘ ጽጌረዳ እጠብቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ከነከነኝና አጋሮ መንገድ ላይ ወዳለችው አክስቴ ሄድኩ።

ቡናው አብቦ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ አንድ ቀን በአንዴ ነው የሚፈነዳው። ነጭ፣ በየአንጓው የተሰበሰበ፣ ሽታው ከመንገድ የሚቀበል። ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ነው።

«አክስቴ፣ አንድ ቅርንጫፍ ልቁረጥ?»

«ምን ልታደርጊው?»

«ቤት ላስቀምጠው።»

«ቤትሽ ቡና ጠፋ እንዴ?»

«ለማየት ነው እንጂ።»

«እዚሁ ቆመሽ እይው።»

ባሏ ሊያስታርቀን ከጉንደላ የተረፈውን ይዤ እንድሄድ ነገረኝ። አርጅቶ የተጎነደለ የቡና ግንድ እንዴት እንደሚያምር ማን ነገረኝ? ጠማማ ነው፣ ግራጫ ሽበት አብቅሏል፣ ቴሺጋሃራ ቢያገኘው የሚሻማበት። ሸክም ሙሉ ሰጠኝ። አክስቴ ግን ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ መንገድ ላይ የወጣች አንድ ቅርንጫፍ ራሷ ቀነጠሰችልኝ። «ይቺን መንገደኛም ይሰብራታል» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለዛፉ ነበር የምትናገረው።

አሁን ፊት ለፊቴ ናት፣ ያችው ቅርንጫፍ። አንድ ክንድ ትሆናለች። ጠማማውን ግንድ ለረጅሙ መስመር አድርጌ እሷን 45 ዲግሪ ላይ አስደግፌያታለሁ። እናቴ ገብታ አየችና «የቀረውስ የት አለ?» አለች። እናቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን የፕላስቲክ አበባ ለበዓል በኦሞ አጥባ ፀሐይ ላይ የምታሰጣ ሰው ናት። ያ አበባ ከእኔ ጋር ነው ያደገው። እሷ ቤት ስኒ ጎደሎ አይቀርብም፣ ማስቀመጫም ጎደሎ አይሆንም።

እኔ ግን ሒሳብ ውስጥ ገብቻለሁ። አንድ አበባ ከያዘች አንድ ፍሬ ናት። አንድ ፍሬ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቡና አለ። ለአንድ ስኒ ስልሳ ፍሬ ቡና ቢገባ፣ ሠላሳ አበባ ማለት ነው። አንዱ አንጓ ላይ ቆጠርኩ፣ ከግራና ከቀኝ አስራ ምናምን። ስለዚህ ሁለት አንጓ አንድ ስኒ። ይቺ አንድ ክንድ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ታስጠጣለች። ጎረቤት ጠርቼ ማስቀመጫ ውስጥ ላሳየው የምችለው ቡና ይሄ ነው።

በልቤ ከአክስቴ ጋር ተከራከርኩ። አበባ ሁሉ ፍሬ አይሆንም፣ ነፋስና ዝናብ የሚያረግፈው አለ፣ ይሄ ከሚረግፈው ነው አልኳት። «ከሚረግፈው መሆኑን በምን አወቅሽ?» ትለኛለች። አውቃታለሁ፣ እንደዚያ ነው የምትለኝ።

ግን ጽጌረዳን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቅዳሜ አዳራሽ ሙሉ እንሰካለን፣ እሑድ ጠዋት ቆሻሻ ላይ ይጣላል፣ ማንም በስኒ አይቆጥረውም። ሌላ ነገር መሆን ስለማትችል ይሆን? ፍሬ የሚሰጥ ነገር ለዓይን ብቻ ከሆነ ይቆጨናል፣ የማይሰጠውን ግን ገንዘብ ከፍለን እናስመጣለን። ወይስ አክስቴ ልክ ናት፣ ቆሞ ማየት ነው የሚሻለው? ቆሞ ማየትን ግን ለከተማ ሰው እንዴት አድርጌ ልሽጠው?

ይህን እያብሰለሰልኩ የሙሽራዋ እናት ደወሉ። «የኔ ልጅ፣ አደራሽን፣ ጠረጴዛው ሞላ ሞላ ይበል። ሰው ምን ይለናል?»

«እሺ እማማ፣ አያስቡ» አልኩ። ቴሺጋሃራን አላነሳሁባቸውም። ጎመንንማ ጭራሽ።

ከዚያ ዋጋ ጠየቁኝ። በአበባ ብዛት ነገርኳቸው፣ አስተማሪዬ እንደምታደርገው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፕሮትራክተሬን ይዤ ቀረሁ። አንድ ቀን ደፍሬ ሦስት መስመሬን ለሠርግ ባቀርብስ፣ ባዶውን ቦታ በምንድን ነው የማስከፍላቸው? በካሬ ነው በስኒ?