ርዕስን በማውስ መቀባት እንዴት እንደተውኩ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የጽሕፈትና የፕሪንት ሱቅ ያለው ሰው የመመረቂያ ሰሞንን በደንብ ያውቃታል። ተማሪው ፍላሹን ይዞ ይገባል። «ጋሼ፣ አድቫይዘሬ የርዕሶቹ መጠን ይቀየር ብለውኛል፤ ነገ ነው የማስረክበው» ይላል። ጽሑፉ ከመቶ ገጽ በላይ ነው። ድሮ እያንዳንዱን ርዕስ ፈልጌ፣ በማውስ ቀብቼ፣ ቦልድ አድርጌ መጠኑን እቀይር ነበር። ማውጫውንም ነጥብ እየደረደርኩ በእጄ ነበር የምሠራው። መሃል ላይ አንድ አንቀጽ ከተጨመረ የገጽ ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል። እንደገና ቆጠራ!

ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ፣ ሆም ስር የተደረደሩትን ኖርማል፣ ሄዲንግ 1፣ ሄዲንግ 2 የሚሉ ሳጥኖች በየቀኑ አያቸው ነበር። ማስጌጫ ይመስሉኝ ነበር። አንዱን ስነካው ርዕሱ ሰማያዊ ይሆናል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ሰማያዊ ርዕስ ማን ይፈልጋል? ተውኳቸው።

ነገሩ የገባኝ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ፋይሏን ስትከፍት ነው። ርዕሶቿ በግራ በኩል ተዘርዝረው መጡ። አንዱን ርዕስ ይዛ ወደ ላይ ጎተተችው። ስሩ ያለው ጽሑፍ እንዳለ ተከትሎት ሄደ። «እንዴት አደረግሽው?» አልኳት። «ሄዲንግ ስለሆነ ነዋ» አለች። ለካ ስታይል፣ ማለትም እነዚያ ሳጥኖች፣ ለኮምፒውተሩ ይህ መስመር ምን እንደሆነ መንገር ነው። ምን መምሰል እንዳለበት በኋላ፣ አንድ ቦታ ላይ ይወሰናል።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ ተቀየረ። መጀመሪያ ኖርማልን፣ የተራውን ጽሑፍ ስታይል፣ በቀኝ ማውስ ነክቼ ሞዲፋይ (አስተካክል) እላለሁ። ታይምስ ኒው ሮማን 12፣ የመስመር ርቀት 1.5፣ ወይም ተማሪው የያዘው መመሪያ የሚለውን። ከኖርማል መጀመር ይሻላል፤ ሌሎቹ ስታይሎች አብዛኞቹ ከእሱ ነው የሚወርሱት። ቀጥሎ ሄዲንግ 1ን ጥቁር አደርገዋለሁ። እዚያው ፎርማት፣ ፓራግራፍ ውስጥ «ፔጅ ብሬክ ቢፎር» የሚለውን ምልክት አደርጋለሁ። ምዕራፍ ሁሉ ራሱ በአዲስ ገጽ ይጀምራል። ገጽ ለመሙላት ኢንተር መደብደብ ቀረ። (ኢንተር ደብድቦ የመጣ ፋይል ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ርዕሱ ገጽ መሃል ላይ ሊወድቅ ይችላል።)

ከዚያ ጽሑፉ ውስጥ እየሄድኩ ለምዕራፍ ርዕስ ኮንትሮል፣ አልት እና 1፤ ለንዑስ ርዕስ ኮንትሮል፣ አልት እና 2 እጫናለሁ። ማውጫው ከሪፈረንስስ ይገባል። አድቫይዘሩ ሐሳብ ከቀየሩ ሄዲንግ 1ን አንዴ ሞዲፋይ ነው፤ ሁሉም ይቀየራል። ብቻ ማውጫው ካላዘዙት አይታደስም። ከማተም በፊት ማውጫውን ነክቶ፣ ኤፍ 9 ተጭኖ «አፕዴት ኢንታየር ቴብል» ማለት የግድ ነው። ገጽ ቁጥሩን ብቻ ካደሱ አዲስ የተጨመረ ርዕስ ይቀራል።

የእኛ አገር ጣጣ ግን አባሪው ላይ ነው። እዚህ ብዙ ጥናት መጨረሻው ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተዘጋጀ መጠይቅ አለው። የአፋን ኦሮሞው በላቲን ስለሆነ ችግር የለውም። አማርኛው ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጥ አሠራር) ባልሆነ የድሮ ፊደል (ፎንት) ተጽፎ ከመጣ ግን ጉድ ነው። እነዚያ ፊደላት ከስር የላቲን ኮድ ናቸው፤ ኖርማልን ስትጭንበት ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይሆናል። ኮንትሮል ዜድ ይመልሰዋል፤ ካልዘጉት። ስለዚህ ኮንትሮል ኤ ብሎ ሁሉን ባንዴ ኖርማል ማድረግ አይመከርም። እኔ ለአማርኛው ብቻ «መጠይቅ» የሚል የራሱ ስታይል ፈጥሬለታለሁ፤ ፊደሉን ኒያላ አድርጌ። በድሮ ፊደል የመጣውን በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ሌላው ከሌላ ፋይል ወይም ከኢንተርኔት ኮፒ የሚደረገው ነው። የማያውቁት ስታይል ተከትሎት ይገባል። ስትለጥፉ «ኪፕ ቴክስት ኦንሊ» በሉ።

አሁን ስታይሉ ተስተካክሎ ያለቀ ባዶ ፋይል አለኝ። ገና መጻፍ ላልጀመረ ተማሪ በፍላሹ እጭንለታለሁ፤ በነፃ። ጎረቤቶቼ «ገበያ ትገድላለህ» ይሉኛል። ተማሪው ግን ለፕሪንትና ለጥረዛ ተመልሶ እኔው ጋ ነው የሚመጣው።