ስክሪንሾት አይቼ ዕቃ አልሰጥም

የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቄን ወደ ሞባይል ክፍያ ሳስገባ የፈራሁት ምዝገባውን ነበር። በከንቱ ነው የፈራሁት። ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥርና መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው፤ አጭር የነጋዴ ቁጥርና የሚለጠፍ ኪውአር ኮድ ይዞ መመለስ። ደንበኛ ማስተማርም አላስፈለገኝም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ፣ ይልቁንም ሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ሲቀር፣ ሰዉ ራሱ ለምዶት ይመጣል።

ያቃጠለኝ «ብሩ ገብቷል» የምትለው ቃል ናት።

ከነጋዴ ቁጥሩ በፊት የግል የባንክ ሂሳብ ቁጥሬን ካርቶን ላይ ጽፌ ለጥፌ ነበር። መልእክቱ የሚገባው እኔ ስልክ ላይ፣ ዕቃ የሚሸጠው ልጁ። ታዲያ ልጁ ምን አይቶ ያምናል? የደንበኛውን ስልክ ነዋ! አረንጓዴ ምልክት፣ የእኔ ስም፣ 2,800 ብር፣ በኤፍቲ የሚጀምር የግብይት ቁጥር። ባለ 5 ሊትሩ ዘይትና ስኳሩ ወጣ። ማታ ሂሳብ ስዘጋ ብሩ የለም። ባንክ ሄጄ ሦስት መስኮት ካዞሩኝ በኋላ «ስክሪንሾቱን ለምን አልያዙም?» አሉኝ። ስክሪንሾቱ አይደል እንዴ ያታለለን! ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ ልጁን ማየት የማይችለውን እንዲያረጋግጥ አቁሜው ነበር።

የድሮ ደረሰኝ ላይ ቀንና መጠን መቀየር ፎቶ በሚያስተካክል መተግበሪያ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የባንክ መልእክት አስመስሎ ጽፎ ከራስ ስልክ መላክም እንደዚያው። የሚያጋልጣቸው ሁለት ነገር አገኘሁ። አንዱ ላኪው ነው፤ የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል እንጂ በ09 ከሚጀምር ስልክ አይመጣም። ሁለተኛው ቀሪ ሂሳብ ነው። አጭበርባሪው ሂሳባችሁ ውስጥ ስንት እንዳለ ስለማያውቅ ወይ ይተወዋል ወይ ይገምታል። ከእያንዳንዱ ሽያጭ በኋላ ቀሪውን የሚያስታውስ ሻጭ አይታለልም።

አሁን ሱቅ ውስጥ ለክፍያ ብቻ የተያዘ ስልክ አለ፣ ከመደርደሪያው በሰንሰለት የታሰረ። መልእክቱ እዚያ ካልገባ ዕቃ አይወጣም። የሚስጥር ቁጥሩን ግን ልጁ አያውቀውም፤ መቀበል እንጂ መላክ አይችልም። መልእክት ሲዘገይ እኔ ጋ ይደውላል፣ እኔ በ*127# ገብቼ ቀሪዬን አያለሁ። ደንበኛ ይሰለቻል? ይሰልች። የግብይት ቁጥሩን የመጨረሻ አራት ፊደልና አኃዝ ከመጠኑ ጋር ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ማታ ማመሳከሩ 10 ደቂቃ አይፈጅም።

ኔትወርክ ሲያስቸግር «ድገመው» ማለት ክልክል ነው። የመጀመሪያው ክፍያ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ሲደገም ከደንበኛው ሁለት ጊዜ ይቆረጣል፣ ጠቡ የሱቁ ይሆናል። ደንበኛው ቀድሞ የራሱን የግብይት ታሪክ ከፍቶ ይይ።

«በስህተት ልኬብህ ነው፣ መልስልኝ» የሚል ስልክ ከመጣም በእጃችሁ አትመልሱ። ብሩ በእውነት የገባ ቢሆን እንኳ ላኪው በራሱ ባንክ ወይም በቴሌብር በኩል ያመልክት። ቸኩሎ የሚያለቅሰው ብዙ ጊዜ ምንም ያልላከው ነው።

ከጥሬ ገንዘብ ውጡ ለሚሉን ደግሞ፣ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። መብራት ጠፍቶ ኔትወርክ አብሮ ሲሄድ ዳቦ የሚሸጠው በሳንቲምና በ10 ብር ኖት ነው፤ 1,000 ብር ዝርዝር ሁልጊዜ መሳቢያ ውስጥ አለ። ደግሞ የክፍያ መልእክት የግብር ደረሰኝ አይደለም። በሞባይል የተከፈለውንም ካሽ ሬጅስተሩ ላይ እንቆርጣለን፤ ካልተቆረጠ የሂሳብ መግለጫውና የሽያጭ ሪፖርቱ አይገጥሙም፣ ያን ጊዜ ማስረዳቱ የናንተ ነው።

ኪውአሩን ጠዋት ጠዋት በራሴ ስልክ እቃኘዋለሁ። የሱቁ ስም ከመጣ በሩን እከፍታለሁ፤ ከላዩ ሌላ ወረቀት ለመለጠፍ ሙጫና ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።