ተገልጋዩ የሚጠራው ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ከሆነ

የጤና አገልግሎት ሲታቀድ ተገልጋዩ መማከር የለበትም ብሎ በግልጽ የሚከራከር ሰው ዛሬ ብዙም አይገኝም። እኔን የሚያሳስበኝ የሚማከርበት ጊዜ ነው፤ የተመላላሽ ሕክምናው በየትኞቹ ሰዓታት እንደሚሰጥና በጀቱ ምን ላይ እንደሚውል ተወስኖ ካበቃ በኋላ የሚጠራ ታካሚ የሚለውጠው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

ለምሳሌ የስኳር ሕመም ክትትልን እንመልከት። ዕቅድ አውጪው በሪፖርት የሚያየው የተመረመረውን ሰው ብዛትና ታካሚው ሐኪም ዘንድ እስኪገባ የጠበቀውን ጊዜ ነው። ታካሚዋ ግን ምግብ ሳትቀምስ በማለዳ መጥታ ደም ከሰጠች በኋላ ውጤቱ ከሰዓት እንደሚደርስ፣ በዚያ ሰዓትም ሐኪሙ ወጥቶ ስለሚጠብቃት ሌላ ቀጠሮ ለመያዝ እንደምትገደድ፣ ለዚያም ሌላ የሥራ ቀን እንደምታጣ ታውቃለች። ይህ ዕውቀት በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ የሰዓት ድልድሉ ከመጽደቁ በፊት እርሷ ካልተናገረችው የሚናገርላት የለም።

በ1978 እ.ኤ.አ. ስለ መሠረታዊ የጤና ክብካቤ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የወጣው የአልማ አታ መግለጫ ሰዎች በግልም ሆነ በጋራ የጤና አገልግሎታቸውን በማቀድና በመተግበር የመሳተፍ መብትና ግዴታ እንዳላቸው አስፍሯል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1969 አሜሪካዊቷ የተሳትፎ ጉዳይ ጸሐፊ ሼሪ አርንስቲን የዜጎችን ተሳትፎ በስምንት እርከኖች ስትከፍል ማማከርን አራተኛው ላይ አስቀምጣ፣ ሐሳቡ ሥራ ላይ ለመዋሉ ዋስትና እስከሌለ ድረስ ለይስሙላ ከሚደረገው ተሳትፎ መድባዋለች። ብራዚል በ1990 ባወጣችው ሕግ ደግሞ በጤና ምክር ቤቶች ውስጥ የተገልጋዮች ውክልና ከሌሎቹ ወገኖች (ከመንግሥት፣ ከአገልግሎት ሰጪዎችና ከባለሙያዎች) ድምር ጋር እኩል እንዲሆን ደንግጋለች። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ይህ መንገድ ነው፤ በባለሙያዎች መካከል ብቻዋን የተቀመጠች አንዲት ታካሚ፣ በአሕጽሮተ ቃል የተሞላው ሰነድ በስብሰባው ዋዜማ ሲደርሳት፣ ደፋር ብትሆንም እንኳ ዝም ማለቷ አይቀርም።

አንድ ታካሚ ሁሉንም አይወክልም የሚለው መቃወሚያ እውነትነት አለው። (አንድ ሐኪም ሐኪሞችን ሁሉ ይወክል እንደሆነ ግን ሲጠየቅ አልሰማሁም።) መፍትሔው ወንበሮቹን ማብዛት፣ የትራንስፖርት ወጪንና ያጡትን የቀን ገቢ መተካት፣ ሕክምናውን አቋርጠው የቀሩትንም ባሉበት ሄዶ መጠየቅ ነው። ቃለ ጉባኤውም ተገልጋዮች ካቀረቡት ሐሳብ የትኛው ተቀባይነት እንዳገኘ፣ የትኛው በምን ምክንያት እንደቀረ መዝግቦ ለራሳቸው ለተናጋሪዎቹ መድረስ አለበት።