የቀበሌ ቤታችን ደጃፍ እንዴት ተሠራ

ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ በቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። አያቴ ቤቱን የተከራየችው ከግለሰብ ነበር። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። የኛም እንደዚያው። ኪራዩ ጥቂት ነው፤ ለድሃ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን በዚያ ኪራይ ቤት አይታደስም። ጭቃው ይረግፋል፣ ቆርቆሮው ይበሳል፣ አስራ አራት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ደጃፍ ይሰለፋል።

በ2011 የሰፈራችን ኮሚቴ ጸሐፊ ሆንኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤያችን «ቤታችን በላያችን ሳይወድቅ ይታደስልን» የሚል ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ነገ ተመለሱ ተባልን። በመጨረሻ አንድ መሐንዲስ አዘነልንና ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «ቤቱ የቀበሌ ነው፣ መንገዱና ቦዩ የከተማው። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ስትጽፉ ማንም የኔ ነው ብሎ አይቀበላችሁም። ለያይታችሁ አምጡ» አለኝ።

ያቺ ምክር ሦስት ወር ታወጣለች።

በዚያን ጊዜ በ117 ከተሞች የሚሠራው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ማስፋፊያ ፕሮግራም ድሬዳዋንም ይዞ ነበር። ገንዘቡ የዓለም ባንክም የመንግሥትም ነበረበት። ከተማው በየዓመቱ ይመዘን ነበር፣ የሚያገኘውም ገንዘብ እንደ ውጤቱ ነበር። ስለ ዕቅዱ ነዋሪውን ማወያየት ደግሞ የሥራው አካል ነበር። ይህን ካወቅኩ በኋላ ቢሮ ስገባ አንገቴን መድፋት ተውኩ። እኛም ለነሱ እናስፈልጋቸዋለን። ገንዘቡ ግን ለመንገድ፣ ለቦይ፣ ለመሳሰለው እንጂ ለግድግዳችን አይሆንም ነበር። ይህንን ለጎረቤት ማስረዳት ከሁሉም ከባዱ ሥራ ነበር። «የጓዳዬ ጣሪያ እያፈሰሰ ኮብልስቶን ምን ያደርግልኛል?» ላለችኝ እናት አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ የመንገድና የቦይ ጥያቄያችን ዕቅድ ሲዘጋጅ መድረስ ነበረበት። በመጋቢት የበልግ ዝናብ ሲጥል ወጣቶቹን «አቦ ተነሱ እንጂ!» ብዬ ቀሰቀስኩ። ውሃው የደረሰበትን በየቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል አሰመርን። አንዱ ቤት ውስጥ መስመሩ ከአልጋው እግር በላይ ነበር። መንገዱን በገመድ ለካነው፣ 86 ሜትር ሆነ። ፎቶውን፣ ልኬቱንና የአባወራውን ዝርዝር አያይዘን በሚያዝያ አስገባን። የ1998ቱን ጎርፍ ማንሳት እንኳ አላስፈለገንም። ከ200 በላይ ሰው የወሰደውን የዚያን ሌሊት ውሃ ድሬ ውስጥ የማያስታውስ የለም።

በቀጣዩ ዓመት ሥራው ተጀመረ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ የብዙ ሰፈር መከራ ከዚህ ነው የሚመጣው። ኮብልስቶን አሸዋ ተደልድሎ ከላዩ ይነጠፋል፣ መንገዱ ከፍ ይላል። የቀበሌ ቤት ደግሞ ደጃፉ ዝቅ ያለ ነው። ሠራተኞቹ የወጠሩትን ሲባጎ ሳይ ከሦስት ቤት ደፍ በአንድ ስንዝር ይበልጣል። እንዲያው ቢነጠፍ ዝናቡ በቀጥታ ሳሎን ይገባ ነበር። ሥራው እንዲቆም ለመንን። መሐንዲሱ መጥቶ አየው። አፈሩ እንደገና ተቆፈረ፣ ቦዩ ቀድሞ ተሠራ፣ ከዚያ ድንጋዩ ተነጠፈ። ሲባጎው ሲወጠር ከሥሩ የሚቆም አንድ ሰው መድቡ።

ለሥራው ከየቤቱ የሰበሰብነውን መዋጮ በባንክ ሂሳብ፣ በሦስት ሰው ፊርማ ነው ያስቀመጥነው። ደረሰኝ የሌለው አንድ ብር አልተቀበልንም። መክፈል ያቃታቸውን እድሩ ሸፈነላቸው፣ ቀስ እያሉ መለሱ። ቦዩን በኋላ ያጸዱልን የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች፣ ማለትም በአካባቢ ሥራ እየተከፈላቸው የሚታገዙ ድሃ ነዋሪዎች ናቸው። ያ ፕሮግራም በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬም ሐረርም ነበሩበት። ከሚከፈላቸው 20 በመቶው ይቆጠብላቸው ነበር። ጎረቤቴ በዚያ ቁጠባ ዛሬ ሳምቡሳ ትጠብሳለች።

ቤቱን ራሱን በኪሳችን ነው የጠገንነው፣ ከቀበሌ የጥገና ፈቃድ በጽሑፍ ወስደን። ፈቃድ ሳይዝ ግድግዳ የነካ አንድ ጎረቤታችን የሠራውን አፍርሷል።

የሚቆጨኝ ደባሎቹ ናቸው። ዝርዝሩን ስጽፍ የኪራይ ደብተር ያላቸውን ብቻ ቆጠርኩ። በየጓዳው ተጠግተው የሚኖሩ ስድስት ቤተሰቦች ቀሩ። አዲሱ ሽንት ቤት በአስራ አራት አባወራ ልክ ተሠራ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ሃያው ይሰለፋል። ሕፃን ልጅ አቅፈው ከመጨረሻ የሚቆሙት እነሱ ናቸው። አሁን ስማቸውን በትክክል መዝግቤያለሁ። ለተጨማሪ ሁለት ክፍል ሽንት ቤት የሚጠይቀው ደብዳቤም ተጽፏል፣ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። ሰኞ ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ።