የሃንተር ሴሚዮን ከምን ጋር ይጠጣል? አዲሱና የቆየው

ሃንተር ቫሊ ከአውስትራሊያዋ ሲድኒ በስተሰሜን በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ ያህል ትርቃለች። አገሩ ሞቃትና እርጥብ ነው። በለቀማ ወቅት ዝናብ ቢጥል ፍሬው ስለሚበሰብስ ሴሚዮን የተባለው የነጭ ወይን ፍሬ ስኳሩ ሳይበዛ፣ ኮምጣጣነቱም ሳይወርድ ቶሎ ይለቀማል። አልኮሉ ከ10 እስከ 11.5 በመቶ ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው። አብዛኛው በርሜል አይገባም፤ በማይዝግ ብረት ታንከር ተብላልቶ ብዙ ሳይቆይ በጠርሙስ ይታሸጋል። አዲሱ ሎሚና የታጨደ ሣር ይሸታል። ሰባት ስምንት ዓመት ሲተኛ ግን በርሜል ሳያይ የተጠበሰ ዳቦና ማር የሚሸት ሌላ መጠጥ ይሆናል። ስለዚህ ምግቡን ከመምረጤ በፊት ጠርሙሱ ላይ ያለውን ዓመት አያለሁ።

ለማወዳደር የአንድ አምራች ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ፦ እ.ኤ.አ. የ2023 እና የ2014 ለቀማ። ሁለቱም ተጠምዛዥ ክዳን ያላቸው ናቸው። ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ሴሚዮን ከቡሽ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ቡሽ አንዱን ጠርሙስ አየር አስገብቶ ያበላሽና አጠገቡ ያለውን ደህና ይተወዋል።

የመጀመሪያው ስህተቴ ሁለቱንም ከ4 ዲግሪ ፍሪጅ አውጥቼ ወዲያው መቅዳቴ ነው። የቆየው ሽታ አልባ፣ ኮምጣጣ ውኃ መሰለኝ። ብርጭቆው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ወደ 12 ዲግሪ ሲደርስ ነው ማሩ ብቅ ያለው። አዲሱ በ8 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

አዲሱን በመጀመሪያ ከጥሬ የሲድኒ ኦይስተር (ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ጋር ሞከርኩት። ጨውነቱ የወይኑን ኮምጣጣነት ያለሰልሰዋል። ጥቂት ሎሚ ጠብ ማድረግም ይረዳል፤ ኮምጣጣ ምግብ ወይኑን ለስላሳ ያስመስለዋልና። መጠኑ ሲያልፍ ግን ይጎዳል፦ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አቼቶ ሳፈስበት ምግቡ ከወይኑ በለጠና ወይኑ ሞተ። ኦይስተርና ሽሪምፕ ለማይበላ ሰው ዓሣ ከበቂ በላይ ነው። 180 ግራም ፍላትሄድ የተባለ ዓሣ ሥጋ በደንብ አድርቄ፣ ጨው ነስንሼ፣ በጋለ የወይራ ዘይት በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ደቂቃ ጠበስኩት። እርጥበቱ ሳይደርቅ መጥበሻ ከገባ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ ወይኑ የሚፈልገውም ጨዋማውን ቅርፊት ነው።

ጣፋጭ የቃሪያ ሶስ ግን አይቅረብ። ምግብ ውስጥ ያለ ስኳር ስኳር የሌለውን ወይን ጨርሶ ያኮመጥጠዋል። ዶሮ ወጥም ያልተስማማው በከፊል በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ቀስ ብሎ የበሰለው ሽንኩርት ይጣፍጣል፣ በርበሬውና ቅቤው ደግሞ ቀጭኑን ወይን ይውጡታል። የዓሣ ጥብስ በእንጀራ ግን ሠመረ፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት ከወይኑ ጋር አይጣላም። ሚጥሚጣው ቁንጥር ብቻ ይሁን። አልኮል ማቃጠሉን ስለሚያባብስ 14 በመቶ ከሆነ ነጭ ወይን ይልቅ ይህ 11 በመቶው ይሻላል።

ለቆየው 1.6 ኪሎ ዶሮ ከቆዳው ሥር የገበታ ቅቤና ጦስኝ ቀብቼ በ200 ዲግሪ 75 ደቂቃ ጠበስኩ፤ እንጉዳይም በዚያው ቅቤ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የበለጠው ይህ ነው። የቆዳው ጥብስ ሽታና የወይኑ የዳቦ ሽታ አንድ ቤት የተጋገሩ ይመስላሉ። አዲሱን ከዚሁ ዶሮ ጋር ስቀምሰው የሎሚ ውኃ ሆነብኝ። የቆየውም ከኦይስተሩ ጋር ከብዶ ተገኘ፣ ማሩ የባሕሩን ጣዕም ሸፈነው።

አራት ዓመት ገደማ የሆነውን ጠርሙስ አልገዛም። ብዙ ጊዜ የሎሚው ሽታ ሄዶ የዳቦው ገና ሳይመጣ የሚዘጋበት ዕድሜ ነው። አሮጌ ጠርሙስ የሚፈልግ ደግሞ «ሃንተር ሪቨር ሪዝሊንግ» የሚል ጽሑፍ ቢያይ አይደናገር፤ ሴሚዮን ድሮ የሚሸጠው በዚያ ስም ነበር።

ከአዲሱ የተረፈው ክዳኑ ተጠምዝዞ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ቆየ። የቆየው ግን በማግስቱ መድከም ስለጀመረ የቀረውን 100 ሚሊ ሊትር የዶሮው መጥበሻ ላይ አፍስሼ፣ የተጣበቀውን በእንጨት ማንኪያ እየፋቅኩ፣ ግማሹ እስኪተን አፍልቼ ስጎ አደረግሁት።