እህቴ የሰጠችኝ 2

ትናንት ማታ የስብዕና መጠይቅ እየሞላሁ አንዱ ጥያቄ ላይ ቆምኩ። «በትንሽ ነገር እጨነቃለሁ» ይላል። ከ1 («በፍጹም አልስማማም») እስከ 5 («በጣም እስማማለሁ») ካሉት ቁጥሮች አንዱን መምረጥ ነው። 5 ላይ አከበብኩ። ከዚያ ታናሽ እህቴ ስለ እኔ እንድትሞላው ሌላ ቅጂ ሰጠኋት። እሷ 2 ላይ አከበበች።

«አንቺ ደግሞ መቼ ተጨንቀሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አንድ ክፍል ውስጥ እየተኛን ነው ያደግነው። እንቅልፍ አጥቼ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች አታውቃቸውም ማለት ነው።

ባለሙያዎቹ ስብዕና የሚሉት ሰው በየጊዜውና በየቦታው ይዞት የሚዞረውን የአስተሳሰብ፣ የስሜትና የአድራጎት ልማድ ነው። መለኪያው ከየት እንደመጣ ሳነብ ግን በጣም ነው የወደድኩት። ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1936 የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገልጠው ሰውን ከሰው የሚለዩ ቃላትን ለቀሙ። ወደ 18,000 ገደማ ሆኑ። አንድ ጠባይ ለኑሯችን የሚያስፈልግ ከሆነ ቋንቋ ስም ሳያወጣለት አይቀርም ከሚል ሐሳብ ተነስተው ነው። እውነት ነው እኮ! እኛም ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ጭምት፣ ግልፍተኛ እንላለን። ኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች አብረው የሚሄዱትን ቃላት በስሌት እያሰባሰቡ አምስት ሰፋፊ ዘርፎች ላይ ደረሱ። የእኔ ጭንቀት ከአምስቱ በአንዱ ውስጥ ነው ያለው።

እነዚህን ቃላት ያወጣቸው ግን ተመልካች ነው። ጭምቱን ጭምት ያለው ራሱ ሳይሆን ያየው ሰው ነው። መጠይቁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ራሱን ሰውየውን ነው። ታዲያ ማን ይታመን? ሲሚን ቫዚር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ጥናት እንደ ጭንቀት ያለውን የውስጥ ነገር ከጓደኞቹ ይልቅ ሰውየው ራሱ የተሻለ እንደሚያውቀው አሳይታለች። እንደ ብልህነትና ፈጠራ ባሉት፣ ስለ ራሳችን ሚዛናዊ መሆን በሚከብደን ነገር ላይ ግን ጓደኞች ይበልጣሉ።

«የጀመርኩትን እጨርሳለሁ» የሚለው ላይ ለራሴ 4 ሰጥቼ ነበር። እህቴ እዚያም 2 ነው ያለችው። ልከራከራት ስል አልጋዬ ሥር ያለው፣ እጅጌው ያልተሠራለት ሹራብ ትዝ አለኝ። ዝም አልኩ።

ስለ ጭንቀቱ ግን ነገርኳት። ረጅም ሰዓት አወራን።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አለችና 2ን ልትሰርዝ እስክሪብቶ አነሳች።

«ተይው» አልኳት፤ «ያየሽው እሱን ነዋ።»